«ራጁ ንጹህ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የአንጓ ስብራት

ታናሽ ወንድሜ የወደቀው እሁድ ጠዋት ኳስ ሲጫወት ነው። በረኛ ነበር። ኳሷን ሊይዝ ዘሎ ሲወርድ መሬቱን የተቀበለው በቀኝ መዳፉ ነው። ያን ሰዓት ብዙም አላመመውም፣ ጨዋታውንም ጨረሰ። ማታ ግን የእጁ አንጓ አበጠ፤ ሰኞ ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» አለን፣ ማስታገሻ ጻፈልንና ወጣን። ደስ ብሎን ነበር የወጣነው። ሰፈር ስንደርስ ደግሞ አንዲት እናት «እንግዲያው ይታሽ እንጂ» ብለው በቅቤ አሹት። በ10 ቀን እብጠቱ ጠፋ። እኛም ረሳነው።

ከ8 ወር በኋላ ፑሽአፕ መሥራት አቃተው። ከባድ በር ሲገፋ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሲያነሳ፣ ከወንበር ላይ በእጁ ተደግፎ ሲነሳ ከአውራ ጣቱ ሥር ይወጋዋል። ሌላ ቦታ ሄደን ራጅ ሲነሳ አንዲት ትንሽ አጥንት ከመሃሏ ለሁለት ተከፍላ፣ በሁለቱ ቁራጭ መካከል ጥቁር ክፍተት ይዛ ታየች። የተሰበረችው ያን እሁድ ነው። 8 ወር ሙሉ በተሰበረ አጥንት ሲጽፍ፣ ሲሠራ፣ ሲሸከም ነበር።

የአጥንቷ ስም ስካፎይድ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜያለሁ፤ ይህን የምጽፈውም «ራጁ ንጹህ ነው» የሚለው ቃል እንደኛው እፎይ አሰኝቶ ወደ ቤት የሚልካቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። ነገሩ የሐኪም ስንፍና ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አይደለም። ጣጣው ያለው አጥንቷ በተሠራችበት መንገድ ውስጥ ነው፣ እሱን ካልተረዳን ደግሞ ለምን ዳግም መታየት እንደሚያስፈልግ አይገባንም።

አንጓ ሲባል ብዙዎቻችን እንደ በር ማጠፊያ ያለ አንድ መገጣጠሚያ ነው የሚመስለን። ግን በክንድና በመዳፍ መካከል 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዱ ረድፍ ወደ ክንድ የቀረበ፣ ሌላው ወደ ጣት የቀረበ። ድሮ ስም ያወጡላቸው ሰዎች ቅርጻቸውን እያዩ ነው የሰየሟቸው። አንዷ ጨረቃ ትመስላለች፣ ሉኔት አሏት። አንዷ አተር ታክላለች፣ ስሟም ከዚያው ከአተር የመጣ ነው። ስካፎይድ የሚለው ደግሞ ታንኳ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በእርግጥም ታንኳ ትመስላለች፤ ጎበጥ ያለች፣ ጫፍና ጫፏ የተነሳ፣ ወገቧ የቀጠነ። ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ሌሎቹ ሰባቱ እያንዳንዳቸው በየረድፋቸው ናቸው። ስካፎይድ ግን በአውራ ጣት በኩል ከአንዱ ረድፍ ተነስታ ወደ ሌላው ትዘልቃለች፣ ሁለቱን ረድፍ እንደ ድልድይ አያይዛ የያዘችው እሷ ናት። ከአምስት አጥንት ጋር ትነካካለች። ክንዳችን ላይ ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው፣ ሬዲየስ የሚባለው፣ ዋናው መቀመጫዋ ነው፤ በእጃችን ስንደገፍ ከሸክሙ 80 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው ወደዚህ አጥንት ነው። ስካፎይድ ደግሞ ልክ መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

ሥራዋን ለማየት ጀበና ያዙ። ስኒው ላይ ስትቀዱ እጃችሁ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘነብላል፣ ያን ጊዜ ስካፎይድ ቀና ብላ ትዘረጋለች። ጀበናውን ቀና ስታደርጉት እጃችሁ ወደ አውራ ጣት በኩል ይመለሳል፤ አሁን ደግሞ ቦታ ስለሚጠባት ወደ መዳፍ በኩል ጎንበስ ትላለች። እንዲህ ቀና ጎንበስ እያለች ነው ሁለቱ ረድፎች ተስማምተው እንዲሄዱ የምታደርገው። ጎረቤቷ ሉኔት በጠንካራ ጅማት ታስራባታለች። የሚገርመው፣ ስካፎይድን ብቻዋን ብትተዋት መጎንበስ ነው የምትወደው፤ በሉኔት ማዶ ያለችው ትሪኩዌትረም የምትባለዋ አጥንት ደግሞ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው የምትወደው። ሉኔት መሃል ላይ ሆና በሁለቱም ትጎተታለች፣ ጉተታው እኩል እስከሆነ ድረስ አንጓው ይረጋል። ስካፎይድ ከወገቧ ከተሰበረች ግን ይህ ሚዛን ያልቃል። በጣት በኩል ያለው ቁራጭ ይጎነበሳል፣ በክንድ በኩል ያለው ከሉኔት ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ታንኳዋ ከመሃሏ ትጎብጣለች። ወንድሜ «ይወጋኛል» ይል የነበረው ይህን ነው።

ዋናው ጉድ ግን ደሟ ነው።

ገጿ ሦስት አራተኛው ያህሉ አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይፋጭ እንዲንሸራተት በሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን ተሸፍኗል። የደም ስር በዚህ ሽፋን በኩል መግባት አይችልም። የቀረው ቦታ ትንሽ ነው፤ ዋናው የደም ስር የሚገባውም በእጅ ጀርባ በኩል፣ ከወገቧ አካባቢና ከዚያ ወደ ጣት በቀረበው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ክንድ በኩል ይመለሳል። ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የአጥንቷ ክፍል የሚጠጣው ከዚህ ነው፣ በክንድ በኩል ያለው ጫፏ ደግሞ ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ምንጭ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ዋናው መስመር ቤታችሁን አልፎ ሄዶ፣ ጎረቤት ግቢ ገብቶ፣ ከጎረቤት ግቢ ተመልሶ ለእናንተ ይደርሳል እንበል። መሃል ላይ ቱቦው ከተቆረጠ ጎረቤት አይጎድልበትም። የሚደርቀው የእናንተ ቤት ነው። ስካፎይድም ከወገቧ ስትሰበር በጣት በኩል ያለው ቁራጭ ይተርፋል፣ በክንድ በኩል ያለው ግን ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። ስብራቱ ወደ ክንድ በቀረበ ቁጥር አደጋው ይብሳል።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። ክንድ ወይም ቅልጥም ሲሰበር አዲስ አጥንት ዙሪያውን እንደ ልስን ከቦ ይይዘዋል። ስካፎይድ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ስለተቀመጠች ይህ ልስን እምብዛም አይሠራላትም። መዳን ያለባት ስንጥቁ ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ቀስ ብሎ ነው። የእኛ ልጅ ታሽቷል፣ ሲንቀሳቀስም ከርሟል። እንዴት ይገጥማል?

ይህ ስብራት ብርቅ አይደለም። ከ8ቱ የአንጓ አጥንቶች መካከል ስብራት ሲደርስ ከ10 ስድስት ወይም ሰባቱ ጊዜ የምትሰበረው እሷ ናት። የሚሰበሩት ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ምክንያቱን ለማየት አንድ ዓይነት አወዳደቅ፣ እጅን ዘርግቶ በመዳፍ መሬትን መቀበልን፣ በሦስት ዕድሜ አስቡት። ልጅ እንዲያ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እያደገ ያለው የሬዲየስ ጫፍ ነው፤ ስካፎይዱ ገና አጥንት እየሆነ ነው። አጥንታቸው የሳሳ አያት ሲወድቁ የሚሰበረው ያው ሬዲየስ ነው፣ ስለሳሳ። የ20 እና የ25 ዓመት ወጣት ግን ሬዲየሱ ብርቱ ስለሆነ አይበገርም፤ ጉልበቱ አንጓው ጋ ደርሶ ቀጭኗን ወገብ ያገኛል። ስለዚህ በጎረምሳ ላይ «ወለምታ ነው» የሚለውን ቃል ቶሎ ባናምነው ጥሩ ነው።

እስቲ አሁን አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀስራችሁ የአንጓችሁን ጎን እዩ። ከአውራ ጣት ሥር ሁለት ጅማቶች ተወጥረው ይነሳሉ፣ በመካከላቸው ትንሽ ጉድጓድ ይታያል። ፈረንጆች ድሮ ሱረት እዚህ ላይ ነስንሰው ይምጉ ስለነበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሱረት ማስቀመጫ ነው የሚሉት። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብታሳርፉበት የደም ስር ትርታ ሊሰማችሁ ይችላል። የዚህ ጉድጓድ ወለል ላይ ያለችው አጥንት ስካፎይድ ናት። ሰው በመዳፉ ወድቆ እዚህ ጉድጓድ ላይ ሲጫኑት ካመመው፣ ያልታመመው እጁ ላይ ሲጫኑት ግን ካላመመው፣ ስካፎይዱ ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። በመዳፍ በኩል ከአውራ ጣት ሥር ጉብ ያለችዋን ቦታ መጫን፣ አውራ ጣትን በቁመቱ ወደ አንጓ ገፋ ማድረግም ይጨመራል። ሦስቱም ካመሙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መሣሪያ አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የወንድሜን እጅ ያየው ሐኪም ይህን ጉድጓድ አልነካውም። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር አስታውሳለሁ።

ራጁስ ለምን አላሳየም? አጥንቷ ታንኳ ናት ብያለሁ፣ በዚያ ላይ አጋድላ ነው የምትቀመጠው። ፊት ለፊትና ከጎን ብቻ ከተነሳች ራሷ በራሷ ትሸፈናለች፣ ሌሎቹም ይደረቡባታል። ለእሷ ተብሎ የሚነሳ ራጅ አለ፤ እጅ ወደ ትንሿ ጣት እንዲያዘነብል ተደርጎ፣ ልክ ቡና እንደሚቀዳ። ያን ጊዜ ቀና ስለምትል ሙሉ ቁመቷ ይታያል። ሆኖም ይህ ሁሉ ተደርጎም ስንጥቁ ፀጉር ያህል ከሆነና ቁራጮቹ ከቦታቸው ካልሄዱ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። እስከ 20 በመቶ የሚደርሱ የስካፎይድ ስብራቶች በመጀመሪያው ራጅ ያመልጣሉ ይባላል። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስብራቱ ዳር ያለው አጥንት ትንሽ ይመጠጥና መስመሩ ይሰፋል፤ ድጋሚ ራጅ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለዓመታት የቆየው አሠራር እንዲህ ነው፦ ጉድጓዱ ካመመ ራጁ ንጹህ ቢሆንም እንደ ተሰበረ ተቆጥሮ ይታሰራል፣ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይታያል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ዋጋ አለው፣ ይህን መካድ አይገባም። ጉድጓዱ አሟቸው ራጃቸው ንጹህ ከሆነ ሰዎች አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ሲታዩ ያልተሰበሩ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት በከንቱ ታስረው ይቆያሉ። የቢሮ ሠራተኛ ይችለዋል። በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ልጅ፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ግን ቀኝ እጃቸው ለ14 ቀን ከታሰረ ቤታቸው ምን ይበላል? ብዙዎች በራሳቸው እጅ ፈትተው የሚጥሉት ሕመሙን ንቀውት ሳይሆን ኑሮ አስገድዷቸው ይመስለኛል።

ሌላው ዓለም መልሱን በኤምአርአይ ፈልጓል። ኤምአርአይ ስንጥቁን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳያል፤ የተሰበረው ይታሰራል፣ ያልተሰበረው ሳይታሰር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2016 ባወጣው የስብራት መመሪያ ስካፎይድ ሲጠረጠር ገና ከመጀመሪያው ኤምአርአይ መጠቀም እንዲታሰብበት መክሯል። ማሽኑ ውድ ነው፣ ግን በከንቱ የሚታሰረውን፣ ከሥራ የሚቀረውንና የሚመላለሰውን ሰው ደምረው ነው የሚያስቡት። እኛ አገር ነገሩ ይለያል። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማሽኑን ማግኘት ከባድ ነው፣ ያለበትም ቦታ ክፍያው ለብዙ ሰው አይቀመስም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያዋጣው ጣትን ጉድጓዱ ላይ ማሳረፍ፣ ማሰርና በሁለት ሳምንት መመለስ ነው። ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ ደግሞ ከምንም ይሻላል።

ስብራቱ ከተረጋገጠስ? ይህ ክርክር ገና ትኩስ ነው። አውስትራሊያዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ቲሞቲ ኸርበርት ጭንቅላት የሌለው፣ ሁለቱን ቁራጭ እያጠባበቀ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ብሎን ሠርተው በ1984 ካሳተሙት ወዲህ ብዙ ቦታ ፋሽኑ ወደ ቀዶ ሕክምና አደላ። አጥንቷ በብሎን ትታሰርና በጄሶ ሳይንገላቱ ወደ ሥራ መመለስ ነው ሐሳቡ። በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ በእንግሊዝና በዌልስ 439 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን ይህን ጥያቄ ውስጥ አስገባው። ስካፎይዳቸው ከወገቧ ተሰብራ ቁራጮቹ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ያልተራራቁባቸውን ሰዎች ወስደው፣ ግማሹን ወዲያው ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ጄሶ አደረጉላቸው። ከዓመት በኋላ በሕመምና በእጅ ሥራ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የተመራማሪዎቹ ምክር፦ በጄሶ ጀምሩ፣ ካልገጠመ ግን ሳትዘገዩ በብሎን እሰሩ።

እኔ ይህን ለእኛ እንደ ምሥራች ነው የማየው። ጄሶ ወረዳ ሆስፒታልም ይገኛል። ግን የጥናቱን ሁለተኛ አጋማሽ አትርሱ፣ «ካልገጠመ» የሚለውን። መግጠም አለመግጠሙን ለማወቅ ሰውየው መመለስ አለበት። ጄሶው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በክንድ በኩል ያለው ጫፍ ከተሰበረ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል፤ እንዲያውም ያ ዓይነቱና ቁራጮቹ የተራራቁት ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። ጄሶውን ፈትቶ «ተሻለኝ» ብሎ መቅረት በዚህች አጥንት ላይ አይሠራም፣ ሕመሙ ከስብራቱ ቀድሞ ይጠፋልና። ሲጋራ የሚያጨስም ቢያንስ እስኪገጥም ያቁም፣ ደሙ በራሱ ጠብ ጠብ እያለ ለሚደርሳት አጥንት ጭስ ትልቅ ጠላት ነው።

ወጌሻን በተመለከተ መናገር ያለብኝን ልናገር። አያቴን የወለቀ ትከሻ የመለሱላት ወጌሻ ነበሩ፣ እጃቸውን አከብራለሁ። ለስካፎይድ ግን እሽታ አይሆንም። ስንጥቁ መንቀሳቀስ የለበትም፣ እሽታ ደግሞ ማንቀሳቀስ ነው። አጥብቆ ማሰርም ሌላ መዘዝ አለው፤ ደም አግዶ እጅ እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ለዓመታት ሲናገሩበት የኖሩት ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ኮብልስቶኑ ይሟልጣል፣ ሞተሩም ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው፣ በመዳፉ የሚወድቅ ሰው አይጠፋም። እሽታው ቢያንስ ጉድጓዱ እስኪነካና ሁለተኛው ራጅ እስኪነሳ ይቆይ።

ካልታወቀ እስከ የት እንደሚሄድ ወንድሜ ላይ አይተነዋል። ሳይገጥም የቀረ ስካፎይድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንጓው ሚዛኑን ስላጣ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፣ ለስላሳው ሽፋን ያልቃል፣ በዓመታት ውስጥ የ35 ዓመት ሰው አንጓ የሽማግሌ አንጓ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚቀረው ሕክምና አጥንቶችን ማውጣት ወይም እርስ በርሳቸው አጣብቆ ማድረቅ ነው። ወንድሜ እዚያ ሳይደርስ ተያዘ። ከዳሌው ቁራሽ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ተሞላ፣ ጎባጣዋ ተቃናች፣ በብሎን ታሰረች። ለወራት ታስሮ፣ ከዚያም ለወራት እጁን ሲያለማምድ ቆየ። አጥንቷ ገጠመች። አንጓው ግን ወደ ኋላ እንደ ግራው አይታጠፍም፣ ፑሽአፕ ሲሠራ ጡጫውን ጨብጦ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን የሠሩለት ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን የነበረውን ፊልም አምጡ ብለውን ነበር። ከቁም ሳጥን አውጥተን ወሰድንላቸው። መብራቱ ላይ ሰክተው ረጅም ጊዜ አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። የት መፈለግ እንዳለባቸው እያወቁ እንኳ መስመሩን አላገኙትም። «እኔም ብሆን በዚህ ፊልም አላየውም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው፣ «በሁለት ሳምንት ተመለስ ያለህ አልነበረም?» ብለው ጠየቁት።

«አልነበረም» አለ።